የሰፈራችን መኪኖች በስንት ይሂዱ? ብንጠየቅ ምን እንመልሳለን

(በካርቲየ 5 ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በተደረገ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ የመኪና ፍጥነት ነው። ስለ መታወቂያ ወይም ስለ ሦስተኛ አገር ጉዳይ እሰማለሁ ብሎ የመጣ ካለ ቅር እንዳይለው ከወዲሁ እነግረዋለሁ። ስለ ራሽንም አላወራም።

ይህን ርዕስ ከአንዳንድ ወገኖች ጋር ስነጋገርበት የሰማሁት መልስ አንድ ዓይነት ነበር። «እኛ ስደተኞች ነን፤ መንገዱ የጅቡቲ መንግሥት፣ መኪናውም የሰው ነው፤ በስንት ይነዳ ብሎ መናገር ለእኛ ምን አገባን?» አሉኝ። አንዲት እናት ደግሞ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለው ነገሩን ዘጉት። አባባላቸውን አልንቅም፤ ከብዙ ዘመን ልምድ የመጣ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚህ ከተማ ውስጥ በእግሩ የሚሄደው ማን ነው? መኪና ያለው ሰው ከቤቱ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ይገባል። እኛ ግን ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ፣ ወደ ስደተኞች ቢሮም ሁሉ የምንሄደው በእግር ነው። መንገዱን ከባለመኪናው ይበልጥ እኛ እንውልበታለን።

ካርቲየ 5ን ለማያውቁ፣ በተለይም ይህን ጽሑፍ በአሊ አዴና በሆልሆል ካምፕ ሆነው ለሚያነቡ ወገኖች ጥቂት ልበል። ከአንድ እስከ ሰባት በቁጥር የሚጠሩት ካርቲየዎች የከተማው አሮጌ የሕዝብ ሰፈሮች ናቸው። መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ጠባብና እርስ በርስ እንደ መረብ የሚቋረጡ ናቸው። ቤቶቹ አብዛኞቹ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠሩ፣ በራቸው በቀጥታ ወደ መንገዱ የሚከፈት ነው። የእግረኛ መንገድ በብዙ ቦታ የለም፤ ባለበትም ቦታ ዕቃ ተደርድሮበት ወይም መኪና ቆሞበት ይገኛል። በክረምቱ ሙቀት ከቤት ውስጥ መቀመጥ ስለማይቻል ሰው ሁሉ ጥላ ተከትሎ ደጅ ይወጣል። ልጆች የካልሲ ኳሳቸውን የሚጫወቱት እዚያው አስፋልት ላይ ነው። ስለዚህ ለእኛ መንገድ ማለት መተላለፊያ ብቻ ሳይሆን ሳሎንም፣ ገበያም፣ የልጆች ሜዳም ነው።

አሁን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ያለውን ጊዜ አስቡት። ተማሪው ከትምህርት ቤት የሚለቀቅበት፣ ሠራተኛው ከቢሮ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ጫት ከአገራችን የሚገባውም በዚያው ሰዓት ገደማ ነው። ጫት ቅጠሉ እየጠወለገ፣ ኃይሉም እየቀነሰ ስለሚሄድ በፍጥነት ከሻጮቹ ጠረጴዛ መድረስ አለበት። ጫት የጫነው መኪና ጡሩንባውን እየነፋ በጠባቡ መንገድ ሲመጣ፣ ከወዲያ ሚኒባሱ፣ ከወዲህ አረንጓዴና ነጩ ታክሲ፣ በመካከል ቦርሳውን ያነገተ የ7 ዓመት ልጅ! ይህ በየቀኑ የምናየው ስለሆነ ለምደነዋል። መልመዳችን ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

ወገኖቼ፤ ፍጥነት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በቁጥር ልንገራችሁ፤ ቁጥሩ አይከብድም፤ ልጆቻችሁም በትምህርት ቤት ይሠሩታል።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ30 የሚሄደው ደግሞ 8 ሜትር ብቻ። ሾፌር የሰው ልጅ ነው፤ ልጅ ከበር ብቅ ሲል ካየበት ቅጽበት ጀምሮ እግሩ ፍሬኑን እስኪረግጥ ድረስ ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። ስልክ ሲያነጋግር ወይም ደክሞት ከሆነማ ከዚያም ይበልጣል። እንግዲህ በ50 የሚነዳው ሾፌር ፍሬን ሳይነካ 14 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ፍሬኑን ከረገጠ በኋላ ደግሞ በደረቅ አስፋልትና በደኅና ጎማ ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ያስፈልገዋል። ጠቅላላው 28 ሜትር ሆነ። በ30 የሚነዳው ግን 8 ሜትር ሄዶ፣ በ5 ሜትር ውስጥ ይቆማል፤ ጠቅላላው 13 ሜትር።

ልጁ ከመኪናው 13 ሜትር ርቀት ላይ ወደ መንገዱ ወጣ እንበል። በ30 የሚሄደው መኪና ከልጁ ፊት ቆሞ ሾፌሩ ይቆጣዋል፤ እናትየዋም ወጥታ ሁለቱንም ትቆጣለች። በ50 የሚሄደው መኪና ግን እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ፍሬን ገና አልያዘም። ልጁን የሚመታው በሙሉ ፍጥነቱ ነው። «ቀስ ብሎ ስለመታው ተረፈ» የሚባል ነገር በዚህ ላይ የለም። በ50 መመታት ወደ 10 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ከመውደቅ ጋር እኩል ነው። በ30 መመታት ደግሞ ከ3 ሜትር ተኩል ከፍታ እንደ መውደቅ ነው፤ ክፉ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሰው ይተርፋል። በዚህ ከተማ ነፋስ ያመጣው አሸዋ አስፋልቱን ሲሸፍነው፣ ጎማውም ሲያልቅ፣ የተናገርኩት ርቀት ሁሉ ይረዝማል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2021 በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው ብዛት 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ነው። በቀን ሲሰላ ከ3 ሺህ 200 ሰው በላይ ይሆናል። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ሲሆኑ፣ ከመቶው 92ቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚሞቱ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል አንደኛውን ቦታ የያዘው ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ከጦርነት አሽሽተን እዚህ አምጥተናል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በብዙ አገሮች የሰፈር መንገድ የፍጥነት ወሰን ሲለወጥ አስቀድሞ ነዋሪው ይጠየቃል። «በዚህ መንገድ ላይ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 30 ቢወርድ ምን ትላላችሁ?» የሚል ወረቀት በየቤቱ ይላካል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ አስተያየት ይሰበሰባል። በየካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) የልዩ ልዩ አገሮች ሚኒስትሮች በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ተሰብስበው፣ እግረኞችና መኪኖች በሚደባለቁባቸው ቦታዎች ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን በመግለጫቸው አሳስበዋል። ስፔን በግንቦት 2021 (እ.ኤ.አ.) በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ባላቸው የከተማ መንገዶች ላይ ይህንኑ ወሰን ደነገገች።

ከሁሉ ይበልጥ ልንማርበት የሚገባ የሚመስለኝ ግን የዌልስ ጉዳይ ነው። ዌልስ የታላቋ ብሪታንያ አንዷ ክፍል ስትሆን ሕዝቧ 3 ሚሊዮን ያህል ነው። የዌልስ መንግሥት በ2021 ሕዝቡን አስተያየት ጠይቆ፣ በ2022 ሕጉ በምክር ቤት ጸድቆ፣ በመስከረም 2023 በመኖሪያ ሰፈሮች ያለው ወሰን ከ30 ማይል ወደ 20 ማይል፣ ማለትም ከ48 ኪሎ ሜትር ወደ 32 ኪሎ ሜትር ወረደ። ታዲያ ምን ሆነ? ሕጉ ሥራ ላይ በዋለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ460 ሺህ በላይ ሰው «ይሻርልን» የሚል አቤቱታ ፈረመ! በዚያች አገር ይህን ያህል ፊርማ ያገኘ አቤቱታ ከዚያ በፊት አልነበረም። በኋላም መንግሥት ነዋሪዎችን እንደገና አነጋግሮ፣ አንዳንድ ትልልቅ መንገዶች ወደ ቀድሞው ወሰን የሚመለሱበትን መንገድ ከፈተ። በሌላ በኩል በነዚያው የሰፈር መንገዶች ላይ የተጎጂዎች ቁጥር መቀነሱን የመንግሥት አኃዞች አሳይተዋል። በእኔ አስተያየት ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሰው ጥያቄው እንደቀረበለት እንኳ ያወቀው ምልክቱ ከደጁ ከተተከለ በኋላ ነው። አስተያየት በሚጠየቅበት ጊዜ ዝም ያለ ሰው በኋላ ቢጮህ ሥራውን ሁለት ጊዜ ማሠራት ይሆናል፤ ሲጠይቅ ለአንዳንዱ ብቻ የሚሰማ መንግሥትም እንዲሁ።

በአገራችንም ጅምር አለ። አዲስ አበባ ለገሃር አካባቢ ባለው መጋጠሚያ ላይ ቀለም በመቀባትና የእግረኛውን ቦታ በማስፋት መኪኖች ዝግ ብለው እንዲታጠፉ የተደረገ ሙከራ ነበር። ለገሃር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ከደረሰው ባቡር ጣቢያ መሆኑን ታውቃላችሁ። በታኅሣሥ 2018 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ «መንገድ ለሰው» የሚባለው፣ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለልጆች የሚለቀቁበት ቀን ተጀመረ። በአንድ እሑድ ጠዋት መንገድ ላይ ኳስ የተጫወተ የአዲስ አበባ ልጅ እኛ ሰፈር ያለው ልጅ በየቀኑ ያለ ፈቃድ የሚያደርገውን ነው ያደረገው!

በካርቲየ 5 ነዋሪው በዚህ ጉዳይ ቢጠየቅ ተቃውሞ ከየት እንደሚመጣ አስቀድመን ማሰብ አለብን። የመጀመሪያው ተቃዋሚ ሾፌሩ ነው። ሾፌሩን እንደ ጠላት አድርገን መናገር የለብንም፤ ከመካከላችን በሹፌርነትና በረዳትነት የኖሩ ብዙ ናቸው። የሚኒባስ ሾፌር የሚበላው በምልልሱ ብዛት ነው። «ቀስ ብለህ ንዳ» ሲባል «ያነሰ እንጀራ ብላ» የተባለ ይመስለዋል። ስለዚህ በቁጥር እናስረዳው። ከሰፈራችን ጫፍ እስከ ጫፍ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ በ50 ሲነዳ 36 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በ30 ሲነዳ 60 ሴኮንድ። ልዩነቱ 24 ሴኮንድ ነው። ያውም መንገዱ ባዶ ቢሆን ነው እንጂ በየመስቀለኛው እየቆመ ስለሚሄድ ልዩነቱ ከዚህም ያንሳል። አንድ ተሳፋሪ ሳንቲም ቆጥሮ እስኪከፍል ከዚህ የበለጠ ጊዜ ያልፋል። ጫት የጫነውም ቢሆን ከአወዳይ ድረስ የመጣ ቅጠል በ24 ሴኮንድ አይጠወልግም።

የከባድ መኪና ሾፌሮቻችንን ነገር በአጭሩ ልንካው። ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ወዲህ የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከሞላ ጎደል በሙሉ በጅቡቲ ወደብ በኩል ሆኗል። አዲሱ ባቡር በ2018 መጀመሪያ የንግድ ሥራውን ቢጀምርም የጭነቱ ብዙው ክፍል ዛሬም በተሳቢ መኪና ነው የሚጓዘው። ተሳቢዎቹ ካርቲየ 5 ውስጥ አይገቡም። ነገር ግን በባልባላ ዳርና በፔካ 12 በኩል ወደ ጋላፊ ሲያልፉ፣ መንገድ ዳር የሚኖሩት ወገኖቻችን ያው እንደ እኛው እግረኞች ናቸው። ሾፌሮቹን በአማርኛ ልናነጋግራቸው የምንችለው እኛ ነን፤ ይህን ደግሞ ሌላ ማንም አይሠራልንም።

ሁለተኛው ጉዳይ ምልክትና ጉብታ ነው። «30» የሚል ሰሌዳ ቢተከል ብቻውን ምን ይሠራል? ተቆጣጣሪ ከሌለው ሰሌዳው የልጆች ኳስ ማነጣጠሪያ ነው የሚሆነው። ፍጥነትን በግድ የሚቀንሰው ፈረንሳዮች «ዶ ዳን» የሚሉት ጉብታ ነው፤ ትርጉሙ የአህያ ጀርባ ማለት ነው፤ ስም አወጣጣቸው ጥሩ ነው። ዳሩ ግን የትም ቦታ ጉብታ ይሠራ ብለን መጮህ የለብንም። ይህ ከተማ ዝናብ ብርቁ ነው፤ ሲመጣ ግን ጎርፍ ሆኖ ነው የሚመጣው። በሚያዝያ 2004 (እ.ኤ.አ.) አምቡሊ ሞልቶ ብዙ ሰው ገድሏል፤ በኅዳር 2019 የጣለውም ዝናብ ከተማውን ሐይቅ አድርጎት ነበር። ውሃ መውረጃው ሳይታሰብ መንገድ ላይ የተሠራ ጉብታ ግድብ ሆኖ ጎርፉን ወደ ቆርቆሮ ቤታችን ይመልሰዋል። ስለዚህ ስንጠየቅ «ጉብታ እዚህ፣ ውሃው በዚህ በኩል» ብለን መናገር መቻል አለብን። ውሃው በየት እንደሚሄድ ከቢሮ መሐንዲስ ይልቅ ደጃፉ ላይ ባልዲ ይዛ ያደረችው እናት ታውቃለች።

ሦስተኛው፣ እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ፣ መንገድ ዳር የሚነግዱት እኅቶቻችን ጉዳይ ነው። ሻይ የሚያፈሉ፣ ሳምቡሳ የሚጠብሱ፣ ጥቂት ልብስ ዘርግተው የሚሸጡ አሉ። «መንገዱን ለእግረኛ ደኅንነት እናስተካክል» የሚል ሥራ በየትም አገር ሲጀመር አስቀድሞ የሚነሡት እንደነዚህ ያሉት ናቸው። የፍጥነት መቀነስን ደግፈን በማግሥቱ የእኅታችን ምድጃ ቢጠረግ ምን እንላለን? ስለዚህ አስተያየታችን ውስጥ ይህ ከመጀመሪያው መግባት አለበት፦ መኪናው ይዘግይ፤ ሻይ ሻጯ ግን ቦታዋ ተለይቶ ይሰጣት። ይህን ጉዳይ ወንዶች ብቻ ተሰብስበው ቢመክሩበት እንደሚረሳ አልጠራጠርም። ዛሬ ከኋላ የተቀመጣችሁ እኅቶች ወደፊት ብትመጡ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ «ማን ይሰማናል?» ወደሚለው እንምጣ። ፍርሃታችን ከባዶ አልመጣም። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ወረቀት የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች ከጅቡቲ እንዲወጡ ቀን ተቆርጦ ሲታወጅ የሆነውን የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ባለሥልጣን ያለበትን ደጅ መርገጥ አይወድም። ሆኖም በጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) ጅቡቲ አዲስ የስደተኞች ሕግ አውጥታለች፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በወጡት ድንጋጌዎችም ስደተኞች ትምህርት፣ ሕክምና፣ ሥራና ፍርድ ቤት እንዲያገኙ ተፈቅዷል። ይህ መብት በወረቀት ላይ ያለውን ያህል በሥራ ላይ አለ አልልም። ወረቀቱ ግን አለ፤ ስንናገር ልንጠቅሰው እንችላለን። ወረቀት የሌለው ሰው በራሱ ስም ፊት ለፊት እንዲወጣ አልመክርም፤ ቃሉ በኮሚቴው በኩል ይቅረብለት።

ካርቲየ 5 በቡላዎስ ኮሚዩን ሥር ነው። ሐሳባችን ወደ ኮሚዩኑ ሲሄድ በሰፈሩ ሹምና በሶማሌና በዓፋር ጎረቤቶቻችን በኩል ቢያልፍ እጅግ ይሻላል። የእነሱም ልጅ የሚሮጠው እዚያው መንገድ ላይ ነው። «ስደተኞች እንዲህ አሉ» ከሚባል ይልቅ «የመንገዱ ሰዎች እንዲህ አሉ» ቢባል ጆሮ ያገኛል። ለስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ቢሮና ለኦናርስም ግልባጭ ይደረግ። ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ይሁን፤ ልጆቻችን ይጽፉታል።

ጽሑፉም ለቅሶ ብቻ እንዳይሆን። «መኪኖች ይሮጣሉ፤ ልጆቻችን አለቁ» ብንል ያዝኑልንና ወረቀቱን ያስቀምጡታል። ቆጥረን እንሂድ። ሁለት ወጣቶች በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ለአንድ ሳምንት ይቀመጡ። በመንገዱ ላይ 50 ሜትር ይለኩና በሁለቱ ጫፍ በኖራ ምልክት ያድርጉ። መኪና ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው ስንት ሴኮንድ እንደፈጀበት በስልካቸው ይያዙ። 6 ሴኮንድ ከፈጀበት በ30 እየሄደ ነው፤ ከ4 ሴኮንድ በታች ከሆነ 45 አልፏል። ሰዓቱን፣ የመኪናውን ዓይነት፣ በዚያ ጊዜ መንገድ ላይ የነበሩትን ልጆች ብዛት ይጻፉ። የሾፌር ስም ወይም ሰሌዳ አይጻፉ፤ ለክስ የምንሄድ አይደለንምና። እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ከመቶ ፊርማ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻ አደጋ ሲደርስ ስለሚሆነው አንድ ነገር ልናገር። ሰው ሲገጭ ወዲያው ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ሾፌሩ ጥቂት ፍራንክ ያወጣል፤ ተጎጂው ፖሊስ እንዳይመጣ ፈርቶ ይቀበልና ቤቱ ይገባል። ከሦስት ቀን በኋላ እግሩ ያብጣል፤ ራሱን ያዞረዋል፤ ሾፌሩ ግን የለም። ሽምግልና ባህላችን ነው፤ አይቅር። ነገር ግን አስቀድሞ ወደ ሕክምና ይኬድ፤ ፔልቲየም ሆነ ሌላ ጤና ጣቢያ፤ የሐኪም ወረቀትም ይያዝ። የመኪናው ሰሌዳ በዚህ ጊዜ ይጻፍ። ወረቀት የሌለው ተጎጂ ቢሆንም ይታከም፤ ብቻውን እንዳይሄድም ከኮሚቴው አንድ ሰው ይከተለው። እንዲህ ያለ አደጋ በዝምታ ሲቀበር ሰፈራችን በመዝገብ ላይ «አደጋ የሌለበት» ሆኖ ይታያል፤ አደጋ የሌለበትን መንገድ ደግሞ ማንም አያስተካክለውም።

ለቆጠራው ፈቃደኛ የሆኑ ወጣቶች ስማቸውን ከበሩ አጠገብ ለተቀመጠችው እኅት ያስመዝግቡ። የትኛው መስቀለኛ ይቅደም በሚለው ላይ አሁን እንወያይ፤ እኔ ጫት ማውረጃው አጠገብ ያለውን እመርጣለሁ፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች የሚያልፉት በዚያ ነውና። የተለየ ሐሳብ ያለው ይናገር።